ሰሚራ ለሁሉም ነገር እሺ ያለችበት ቀን

ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከአጋሮ እስከ ጌራ የቡና መፈልፈያ ሞተር ያለው ሰው ስሜን ካላወቀ ሞተሩ ተበላሽቶበት አያውቅም ማለት ነው። ጋሽ ወልዴ እባላለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት መለዋወጫ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው። መካኒክነትንም ያስተማረኝ የለም። ሰው የጣለውን ሞተር ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ ተነሣ። ይህንን ጽሑፍም ማንም አላረመልኝም። ስህተት ብታገኙበት የኔ ነው፤ ባታገኙበትም የኔ ነው።

ሁለተኛው ሙያዬ ሽምግልና ነበር። እኔ ተቀምጬበት ያልታረቀ ባልና ሚስት አላስታውስም። በኛ አገር ሚስቱን የመታ ሰው እርቅ ሲፈልግ ዋስ ይዞ ይመጣል። ዋሱ በሽማግሌ ፊት ቆሞ «ዳግመኛ እጁን ቢያነሣ እኔን ያዙኝ» ይላል። ዋሱ የተከበረ ሰው ከሆነ የሴቲቱ ወገን እምቢ ለማለት ያፍራል። የኔ ስም ደግሞ የሚያሳፍር ስም ነበር። እኔ የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ግን ሐጂዎቹም ቢሆኑ ነገር ሲከርባቸው «ወልዴን ጥሩት» ነበር የሚሉት።

ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ነበረኝ። የግራ ጆሮዬ አይሰማም። ዕድሜ ልኬን አጠገቡ የቆምኩት ሞተር ነው የበላው። ነገር ግን መካኒክ ደነቆረ ከተባለ ሞተሩን ማን ያምነዋል? ስለዚህ መላ ፈጠርኩ። ቤት ስገባ ግራዬን ወደ ግድግዳ አድርጌ እቀመጣለሁ። የሰው ከንፈር አነባለሁ። ያልገባኝን ነገር ሌላው ሲስቅ አይቼ እስቃለሁ። ይህንን የምታውቅ ባለቤቴ ብቻ ነበረች፤ ሰው በግራዬ ሲያናግረኝ ክርኔን ነካ ታደርገኝ ነበር። እሷን ከቀበርኩ በኋላ ጅማ መርካቶ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤቴ ውስጥ በግራም በቀኝም የሚያናግረኝ የለም። ልጆቼ ሩቅ ናቸው። በዓል ሲሆን ይደውላሉ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ባለፈው ዓመት ጀንፈል ቡና በሚሰበሰብበት ወቅት፣ ነስሩ የሚባል የወፍጮ ባለቤት ከአጋሮ ደወለልኝ። ሞተሩ ጭስ እየተፋ ቆሞበታል። በማለዳ ተነሥቼ ሄድኩ። ነስሩ ጨዋ ሰው ነው። ሲያናግረኝ ድምፁን ዝቅ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው። ሞተሩን ረፋድ ላይ አስነሣሁለት። ሻይ ይዞልኝ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ደግሞ ምን ተሰበረ?»

«እርስዎ የነኩት ሞተርማ አይሰበርም። ሚስቴ ናት።»

«ሚስት አልጠግንም።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገና ነገረኝ። ሚስቱ ሰሚራ እናቷ ቤት ከገባች ሰነባብታለች። ተናዶ በጥፊ ነካ አድርጓት ነው። «ነካ አድርጌያት ነው» ነበር ያለው።

«ትንቀኛለች፣ ጋሼ። ስጠራት ዝም። ደግሜ ስጠራት ዝም። እንግዳ ፊት ሳናግራት ግድግዳ ታያለች። ጎረቤቱም ‹ኩራተኛ ናት፣ ሰላምታ አትመልስም› ይላታል። ሰው ነኝ፤ ደሜ ይፈላል። ዛሬ ሽማግሌ ተቀምጧል። እርስዎ ዋስ ከሆኑኝ እናቷ እምቢ አትልም።»

«ዳግመኛ አትመታትም?»

«ወላሂ!»

ልብሴን ለወጥኩ፣ ጋቢዬን ደረብኩ፣ ባጃጅ ያዝን።

የሰሚራ እናት አዴ ፋጡማ ቤቷ ከአጋሮ ዳር፣ ቡናው ከሚጀምርበት ላይ ነው። ሰሌን ተነጥፎ ሽማግሎቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ዋናው ሐጂ አወል ነው፤ የረጅም ዘመን ወዳጄ። ጫቱን ይዞ ጉንጩን ነፍቷል።

«መጣ!» አለ ሲያየኝ። «አፉ ከሞተሩ የሚበልጥ ሰው መጣ። ዱዓችንን ሳይጮህብን እንጨርስ።»

«ያንተ ጉንጭስ ከጆንያ ይበልጥ የለም?» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። ግራዬን ወደ ግድግዳው አድርጌ ተቀመጥኩ።

አዴ ፋጡማ ልጇን ይዛ ገባች። ሰሚራ ገና ወጣት ሴት ናት፤ አካሄዷ ግን የአሮጊት ነው። አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። እናቷ «ታማለች፣ አትቆጡብኝ» አለችን። «ራሷን ያማታል። ጨጓራ አለባት። እንቅልፍ የሚባል የለም፤ በር ተገፍቶ መደቡ ሲንቀጠቀጥ ተነሥታ ትቆማለች። ክሊኒክ ወሰድኳት፣ ማስታገሻ ሰጧት። ቁርኣን አስቀራሁላት። አንዱ ጂኒ ነው፣ አንዱ የሰው ዓይን ነው ይላል። ማሎ፣ እባካችሁ፣ አንድ ነገር አድርጉልኝ።»

ሐጂ አወል ዱዓ አደረገ። ስለ ትዳር ክብር ተናገረ። ከዚያ ነስሩ አንገቱን ሰብሮ ያንኑ የነገረኝን ደገመ፤ ስጠራት አትሰማኝም፣ ትንቀኛለች። ሐጂ ፈረደ። ነስሩ መምታቱ ጥፋት ነው። ሰሚራም ባሏን መናቋ ጥፋት ነው። እሱ ልብስ ገዝቶ ይካሳል፤ እሷም ዛሬውኑ አብራው ወደ ቤቷ ትገባለች።

«ሰሚራ ልጄ፣ ለሽበታችን ብለሽ ይቅር ብለሻል?»

ራሷን ነቀነቀች። «ኤዬ» አለች፤ በኦሮምኛ እሺ ማለቷ ነው።

«ዛሬ አብረሽው ትገቢያለሽ?»

«ኤዬ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሁሉም። ሐጂ ቀልድ ቢጤ ጣል አደረገ፤ ሳቁ። ሰሚራም ሳቀች። ግን ዘግይታ ሳቀች። በመጀመሪያ የሰዎቹን ፊት አየች፣ ከዚያ ጥርሳቸውን አየች፣ ከዚያ ሳቀች።

 ያንን ዘግይቶ የሚመጣ ሳቅ አውቀዋለሁ። ሳቁ የኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሣሁም። ሐጂ ሲናገር አፉን ታያለች፤ ጉንጩ በጫት ተሞልቷል፣ ሪዙ ከንፈሩን ሸፍኖታል፤ እኔም ራሴ የምሰማው በቀኜ እንጂ ከዚያ አፍ ምንም አይነበብም። ያ ሳይሳካላት ሲቀር የሌላውን ፊት ትቃኛለች። ሁሉም ወደ እሷ ሲዞሩ ትነቀንቃለች። አልተጠየቀችም፤ ታየች። ስትታይ እሺ ትላለች።

«ወልዴ፣ ተነሥ እንጂ» አለኝ ሐጂ። «ዋስትናህን ስጥና እንበተን።»

ተነሣሁ። ጋቢዬን ሰብሰብ አደረግሁ። 

«ዋስ ከመሆኔ በፊት ልጅቷን አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ጠይቅ። አንተ ሳትለፈልፍ መች ይመሻል።»

ከሰሌኑ ወጥቼ ከሰሚራ ኋላ፣ በስተግራዋ፣ በሩ አጠገብ ቆምኩ። አፌን በጋቢዬ ሸፈንኩ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ እንዲህ አልኩ፦

«ሰሚራ፣ ይሄ ሰው ቢገድልሽ ትፈቅጃለሽ?»

ሽማግሎቹ ደንግጠው ወደ እሷ ዞሩ። ሁሉም አዩዋት። ሰሚራ ፊታቸውን ቃኘች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«ኤዬ» አለች። «እሺ።»

ሐጂ አወል ማኘኩን አቆመ። አዴ ፋጡማ አፏን በእጇ ያዘች። ከቤቱ ውስጥ ቀድሞ የተናገረው ነስሩ ነበር።

«አልሰማችም እኮ!»

«አዎ» አልኩት። «አልሰማችም። አንተ ስትጠራትም እንዲሁ ነው።»

 ከዚያ ያ የተሰበረ አንገቱ ቀና አለ። «ታስመስላለች! ጤነኛ ናት። እኔ ሳገባት ትሰማ ነበር!»

«ስታገባትማ ትሰማ ነበር።»

«ወልዴ» አለ ሐጂ በቁጣ፣ «ነገር አታበላሽ። አንተ ሐኪም ነህ? መስማት አለመስማቷን በምን አወቅህ?»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። «እንዲሁ ጠርጥሬ ነው» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ካለፍኩ ጥርጣሬ ብቻ ይሆናል፤ ጥርጣሬ ደግሞ በሽማግሌ ፊት ሚዛን የለውም። ልጅቷ በዚያው ከሰዓት ባጃጅ ላይ ተጭና ትሄዳለች። ካላለፍኩ ግን ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ስም ይሄዳል። አጋሮ ትንሽ ከተማ ናት። እዚህ ካስነጠስክ ጌራ ላይ «ይማርህ» ትባላለህ።

«እኔም ግራ ጆሮዬ አይሰማም» አልኩ። «ከመስማት ያለፈ ነው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ግድግዳ ጋ የምቀመጠው። ለዚህ ነው ዘግይቼ የምስቀው። እሷም እንደኔ ናት፤ የባሰች ናት።»

ከሽማግሎቹ አንዱ ሳቅ አመለጠው። ነስሩ ግን አልሳቀም።

«ታዲያ የኔን ሞተር በምን ሰማኸው?» አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ እርስዎ ሲለኝ የነበረው ልጅ «ሰማኸው» አለኝ።

«በመዳፌ። ሞተር በመዳፍም ይሰማል። ሚስት ግን በመዳፍ አትሰማም።»

ከዚያ ሄጄ ሰሚራ ፊት ለፊት ሰሌኑ ላይ ተቀመጥኩ። ጋቢዬን ከአፌ አወረድኩ። ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲወድቅ ወደ በሩ ዞር አልኩና ቀስ ብዬ ተናገርኩ።

«ልጄ፣ አፌን እዪ። አሁን የጠየቅሁሽን ሰምተሽ ነበር?»

ራሷን መነቅነቅ ጀመረች። ግማሽ ላይ ቆመች። ዓይኖቿ ከከንፈሬ ላይ አልተነሡም።

«አልሰማሁም» አለች።

«ሐጂ የጠየቀሽንስ?»

«ምንም አልሰማሁም። ‹ምን አልክ?› ስል ይመታኛል። እሺ ስል ያልፈኛል። ስለዚህ ለሁሉም እሺ እላለሁ።»

«አሁን እንደገና ልጠይቅሽ። ዛሬ ከእሱ ጋር ወደ ቤት መግባት ትፈልጊያለሽ?»

ነስሩን አየችው። እናቷን አየች።  ውጭ ባጃጁ ጥሩምባ ነፋ፤ ሁላችንም ዞር አልን፤ እሷ አልዞረችም።

«አልፈልግም» አለች።

ሐጂ አወል ጫቱን ከጉንጩ አውጥቶ ጣለ። እውነቱን ለመናገር በዚያን ሰዓት የተቆጣው ነስሩን ሳይሆን እኔን ነበር። «የተቋጨ እርቅ አፈረስክ» አለኝ። ግን «ትግባ» አላለም። ነስሩ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ። ከግቢው ሆኖ የጮኸውን ነገር አልሰማሁትም፤ በግራዬ በኩል ነበር።

አዴ ፋጡማ ሳይመሽ ከአጋሮ እንውጣ አለች። ሦስታችን የሰሚራን ጆሮ ለማሳየት ሚኒባስ ይዘን ወደ ጅማ ሄድን። ሰሚራ መስኮት ጥግ ተቀምጣ ቡናውን ታያለች። መንገድ ላይ ትከሻዬን ነካች።

«አባቴ፣ አንተን ሰዎች ጠሉህ?» አለችኝ።

«ምን ሆኜ ነው የምጠላው?»

«እኔ የጠሉኝ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ ቡና የምለቅምበት ቤት ሴቶቹ እኔን ማናገር ተዉ። ከዚያ ጎረቤት ተወኝ። ከዚያ ራዲዮ እንኳ የተወኝ መሰለኝ። ሰው ሁሉ ተስማምቶ ዝም ያለኝ ነበር የመሰለኝ።»

  የመርካቶው ቤቴ ትዝ አለኝ። እኔ ቢያንስ ዝምታው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ እሷ ግን እያንዳንዱን ቀን ብቻዋን የጥላቻ ፍርድ ቤት እንደቆመች ሰው ነው የኖረችው።

ጅማ እንደደረስን በገባንበት ጤና ተቋም አንዲት ወጣት ነርስ ተቀበለችን። የሰሚራን ጆሮ በመብራት አየች። ከዚያ እጇን አየች፣ ከዚያ ፊቷን አየች። «አባቴ፣ እማማ፣ እናንተ ውጭ ጠብቁ» አለችን። «ባሏ ነኝ ያለ ቢመጣም ሳትነግሩኝ አይግባ።»

ኮሪደሩ ላይ ከአዴ ፋጡማ ጋር ተቀመጥን። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። አሮጊቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና «እኔ ቁርኣን አስቀራሁላት» እያለች ታጉተመትማለች። «ልጄን ሰው ጆሮዋን ሲያጠፋት እኔ ጂኒ ስፈልግ ነበርኩ።» እጇን መያዝ አምሮኝ ነበር፤ ነውር ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሁለት አሮጌ ሰዎች በአንድ አግዳሚ ላይ፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን።

ነርሷ ስትወጣ ሰሚራ ከኋላዋ ቆማ ነበር። «ንገሪያቸው፤ እኔ መድገም አልችልም» አለቻት።

ነርሷም ነገረችን። በግራ ጆሮዋ ታምቡሩ ተቀድዶ አመርቅዟል፤ ቀኙም ተጎድቷል። የእጅ አንጓዋ ተሰብሮ ሳይታሰር ተጣሞ ጠግኗል። ራስ ምታቱ ከጭንቅላት ምት ጋር የሚያያዝ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። በአንድ ወቅት ተመትታ ከወደቀች በኋላ ጽንስ ወርዶባታል፤ ለማንም አልተናገረችም። ሆዷ የሚቃጠለው፣ እንቅልፍ የሚከዳት፣ በር በተገፋ ቁጥር የምትነሣው ከዚሁ የማይለይ ነው።

«ሰውነቷ ዱላ እየጠበቀ ነው የሚያድረው» አለችን። «ዱላው ባይኖርም ይጠብቃል። ጆሮውን እናክማለን፤ ሁሉም እንደነበረ ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ፍርሃቱ ደግሞ የራሱን ጊዜ ይፈልጋል። በመጀመሪያ የሚያስፈልጋት ማንም የማይመታት ቤት ነው።»

«ያንን እኔ አገኛለሁ» አልኩ። መቼም አፌ አያርፍም።

ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን አጭር ላድርገው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሁሉም ቡና ቤት ደረሰ። «ደንቆሮው መካኒክ» ተባልኩ። ያስነሣኋቸው ሞተሮች ዛሬም ይሠራሉ፤ ባለቤቶቻቸው ግን ሲበላሽባቸው ወጣት መካኒክ ይጠራሉ። ሽምግልናም የሚጠራኝ የለም፤ እርቅ አፍራሽ ነኝ። አንዳንድ ቀን ስልኬ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ከጎረቤት ሱቅ ራሴ ላይ አስደውላለሁ። ይጠራል። ደህና ነው።

እናንተ ይህንን የምታነቡ ሽማግሌዎች፣ ከእኔ የምትሰሙት ይሄንን ነው። የተመታች ሴት «ታርቄያለሁ» ስትላችሁ ደስ ብሏችሁ አትነሡ። ዱላ ቁስል ብቻ አይደለም የሚተው። ጆሮ ይወስዳል፣ እንቅልፍ ይወስዳል፣ ልጅ ይወስዳል፣ ጎረቤት ይወስዳል፤ መጨረሻ ላይ «እምቢ» የሚለውን ቃል ይወስዳል። ያ ቃል የሌላት ሴት የምትሰጣችሁ እሺታ እሺታ አይደለም። እናንተ ሴቶች ደግሞ፣ ሰላምታ የማትመልስላችሁ ጎረቤት ካለች ኩራተኛ ከማለታችሁ በፊት ፊት ለፊቷ ሄዳችሁ ቁሙ።

እኔ ወልዴ፣ ያልተማርኩት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ያደረግሁት ይሄ ነው፦

ለነስሩ ዋስ አልሆንኩም።

ፍርድ ቤት ተጠርቼ ያየሁትን በኦሮምኛ ተናግሬያለሁ፤ አንድም ቃል ሳልሳሳት። ፍቺው ተፈርዷል። የድብደባው ክስ አላለቀም፤ በተጠራሁ ቁጥር እሄዳለሁ።

ሐጂ አወል አሁን እርቅ ከመቀመጡ በፊት ሴቲቱ ከወንዶቹ ተለይታ፣ ከሌላ ሴት ጋር ሆና እንድትጠየቅ ያደርጋል። ሐሳቡ የራሱ እንደሆነ ነው የሚያወራው። ተዉት፤ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሰሚራን የሕክምና ቀጠሮ ባላት ቀን ሁሉ አድርሻታለሁ። ቀኝ ጆሮዋ ተሽሎታል። ግራው አልተመለሰም። ራስ ምታቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። እንቅልፍ የምታገኝበት ሌሊት አለ፣ የማታገኝበትም አለ።

እዚሁ ጅማ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አጥር ማዶ፣ ለእሷና ለእናቷ አንድ ክፍል ቤት ፈልጌ አግኝቻለሁ። ለተማሪዎች ልብስ ያጥባሉ።

ለበሩ መወርወሪያ ሠርቼለታለሁ። ከገበያ የሚገዛው ስስ ነው፤ እኔ ከአሮጌ የሞተር ዘንግ ቆርጬ፣ ሞርጄ፣ ከውስጥ በኩል ገጠምኩት። ሰሚራ ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ ደግማ ዘጋችው፣ ከፈተችው። ከዚያ «ውጣና ግፋው» አለችኝ። ወጣሁ። ብረቱ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ከውጭ ሆኜ ሰማሁት። በሙሉ ጉልበቴ ገፋሁ።

አልተነቃነቀም።